ሁለት መዝገብ የተከፈተለት አንድ በሽታ

(በራዲዮ ከተሰማ ንግግር የተወሰደ)

በአገራችን ዶሮ የሚያረባ ሰው ሁሉ ፈንግል የሚለውን ስም ያውቀዋል። ማታ በደኅና ቆጥ ላይ የወጣው ዶሮ ጧት ወድቆ ሲገኝ፥ በጥቂት ቀንም ውስጥ የጎረቤቱ ዶሮ ጭምር ሲያልቅ፥ «ፈንግል ገባ» ይባላል፤ ነገሩም በዚሁ ይዘጋል። አንድ ስም ከተገኘ በኋላ መመርመሩን የሚቀጥል ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ከፈንግል ጋራ በስሕተት እንደ አንድ ሲታይ የኖረ፥ ከሰው ኢንፍሉዌንዛ ጋራ ግን ዘመድ ሆኖ ሳለ እንደ ባዕድ የተቈጠረ የሌላ የወፍ በሽታ ታሪክ ነው። ዓመታቱ፥ የአገራችን መሆኑ ካልተነገረ በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1878 በቶሪኖ የእንስሳት ሕክምና መምህር የነበረው ኤድዋርዶ ፔሮንቺቶ በሰሜን ኢጣልያ ዶሮ ይፈጅ የነበረውን መቅሠፍት ምልክቱን ጽፎ አስቀመጠ። በዚያ ዘመን የዶሮ ኮሌራ የሚባል በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ስለ ነበረ ሁለቱ ይምታቱ ነበር። በ1901 ግን ኢጣልያውያን ተመራማሪዎች ከታመመ ዶሮ የተወሰደውን ፈሳሽ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጥለያ አሳልፈው፥ የጠለለውም ለጤናማ ዶሮ ሲሰጥ እንደሚገድል አሳዩ። ገዳዩ በጊዜው ማይክሮስኮፕ የማይታይ፥ ከባክቴሪያም እጅግ የሚያንስ ነገር እንደ ሆነ በዚህ ታወቀ፤ ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው።

በ1926 በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ ዶሮ ሲያልቅ ያው የኢጣልያው መቅሠፍት የመጣ መሰለ። ዶይል የተባለው ተመራማሪ ግን አንደኛውን በሽታ የተቋቋመ ዶሮ ከሁለተኛው እንደማይድን አረጋገጠ፤ እንግዲያስ በሽታዎቹ ሁለት ናቸው ማለት ነው። እኛ ፈንግል የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ የኒውካስሉ ነው።

አሁን የዶሮውን መዝገብ እናኑርና የሰውን እንክፈት። በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ፥ በአገራችን በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር ስለ በረታ የኅዳር በሽታ የተባለው፥ በመላው ዓለም በአሥር ሚልዮኖች የሚቈጠር ሰው ፈጀ። ሐኪሞች ገዳዩን አላወቁትም፤ ብዙዎቹ በፋይፈር ስም የሚጠራውን ባክቴሪያ ይከስሱ ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ኮየን የተባለ የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም፥ የገበሬዎቹ ዐሣሞች እንደ ባለቤቶቻቸው ሲያስሉና ሲያተኵሱ አይቶ፥ በሽታው አንድ ነው ብሎ ተናገረ። ዐሣማ አርቢዎች ገበያችንን ታበላሻለህ ብለው ተቈጡት፤ እርሱ ግን ቃሉን አላጠፈም። የዐሣማው ቫይረስ በ1931 በሪቻርድ ሾፕ ተገኘ። የሰውም በ1933 በለንደን ተለየ፤ የተለየውም የሕመምተኛ ጉሮሮ የታጠበበትን ውሃ ፌሬት ለሚባል፥ ሙጭልጭላ ለሚመስል ትንሽ እንስሳ በመስጠት ነው።

ከዚህ በኋላ የዶሮውና የሰው ቫይረስ በሁለት ቤት ተቀመጡ። የመሥሪያ ቤት ሰዎች የሆናችሁ በዚህ አትደነቁም፤ አንድ ጉዳይ በሁለት ክፍል ሁለት ቍጥር ተሰጥቶት በየመደርደሪያው ሲያረጅ ያላየ ማን አለ? ሁለቱን ፋይል በአንድ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋው በጀርመን አገር በቱቢንገን ይሠራ የነበረ ቨርነር ሼፈር የተባለ ሰው ነው፤ ትምህርቱም የእንስሳት ሕክምና ነበረ። በ1955 የዶሮው መቅሠፍት ቫይረስ በውስጣዊ አካሉ ከሰው ኢንፍሉዌንዛ ኤ ጋራ አንድ ወገን መሆኑን አስመሰከረ። ከፔሮንቺቶ ጽሑፍ ጀምሮ 77 ዓመት አልፎ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት፥ ከዚያ ዘመን ብዙው የባከነው መሣሪያ ጠፍቶ ሳይሆን፥ የሰው ሐኪምና የከብት ሐኪም ባለመነጋገራቸው ነው።

ቫይረሱ አንዱን ወፍ ሳይጐዳ ሌላውን የሚገድልበት ምክንያት በምሳሌ ይገለጣል። ቫይረሱን እንደ ታሸገ ደብዳቤ ቍጠሩት፤ እሽጉን የሚቀድ ቢላዋ ካላገኘ ወደ ሕዋስ ገብቶ ሥራውን አይሠራም። ለስላሳው ዓይነት የሚስማማው ቢላዋ የሚገኘው በመተንፈሻና በአንጀት ብቻ ስለ ሆነ፥ የዱር ዳክዬ ተሸክሞት ያለ ሕመም ይበራል። ኤች 5 እና ኤች 7 የሚባሉት ወገኖች ግን ብዙ ዶሮ በታጐረበት ስፍራ ሲዘዋወሩ እሽጋቸው ይለወጥና በመላ አካል የሚገኝ ቢላዋ ሁሉ የሚከፍተው ይሆናል። ያን ጊዜ ልብም፥ አንጐልም፥ ጕበትም አይተርፍም።

በ1997 በሆንግ ኮንግ የሆነውም ሊታወስ ይገባል። በግንቦት ወር አንድ ሕፃን ሞተ፤ ከእርሱ የተገኘው ኢንፍሉዌንዛ በሰው ዘንድ ከታወቁት ዓይነቶች ከአንዱም ጋራ ስላልገጠመ፥ ናሙናው ወደ ውጭ አገር ተልኮ የወፍ መሆኑ የተረጋገጠው በነሐሴ ነው። በጠቅላላው የታመሙት 18፥ የሞቱትም 6 ነበሩ፤ በዓመቱ መጨረሻም መንግሥት በከተማው ያለው ዶሮ ሁሉ እንዲታረድ አዘዘ። ከአንድ ሚልዮን በላይ ነበረ።

ከዚያ ወዲህ በሽታው አጥቢ እንስሳትን እየደጋገመ ነካ። በ2004 በታይላንድ በአንድ ማርቢያ ጥሬ የዶሮ ሥጋ ይበሉ ከነበሩት ታይገሮች ከ140 የሚበልጡት ሞቱ ወይም እንዲገደሉ ተደረገ። በ2022 በስፔን ለፀጉሩ የሚረባው ሚንክ ተያዘ። በ2023 በአርጀንቲና በቫልዴስ ልሳነ ምድር ዳርቻ ወደ 17 ሺህ የሚገመቱ የባሕር ዝሆን ግልገሎች አለቁ።

በ2024 መጀመሪያ በቴክሳስ ግዛት የወተት ላሞች መብል ቀነሱ፤ ወተታቸውም እንገር መስሎ ወፈረ። ሐኪሞቹ የታወቀውን የላም በሽታ ሁሉ መረመሩ፤ ምክንያቱም ላም በዚህ ቫይረስ ትያዛለች ብሎ የጠበቀ አልነበረምና። በዚያው ግቢ ጥሬ ወተት የጠጡ ድመቶች ግን ይሞቱ ጀመር። አንድ የእንስሳት ሐኪም የወተቱን ናሙናና የድመቶቹን ሬሳ ወደ ምርመራ ቤት ሰደደ፤ በመጋቢት ወር የመጣው መልስም የወፎች ኢንፍሉዌንዛ፥ ኤች 5 ኤን 1 የሚል ነበረ። ምርመራ ቤቱ የሚገኘው በአዮዋ ነው፤ ኮየን ከ106 ዓመት በፊት ስለ ዐሣሞቹ በተናገረበት ግዛት።