የኮሪያን ጉዳይ ማን ይጻፍልን?

ባህር ዳር የማገኛቸው ዲፕሎማት መሆን የሚመኙ ተማሪዎች ዓይናቸው ዋሽንግተንና ቤጂንግ ላይ ነው። ኮሪያን የሚያነሳልኝ የለም። ቃኘው ሻለቃ ግን በ1951 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ኮሪያ ገብቷል፤ 6,037 ሰው በየተራ ዘምቶ ከ120 በላይ ወድቋል። ገድሉን ለዓለም የነገሩት ግሪካዊው የጦር ዘጋቢ ኪሞን ስኮርዲለስ በ1954፣ አሜሪካዊው የጦር ተንታኝ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1956 ናቸው።

ዲፕሎማቱ ሁለቱንም ኮሪያ ማወቅ አለበት። ከሴኡል ጋር ግንኙነት የተጀመረው በ1963 ነው። ደርግ በ1975 ከፒዮንግያንግ ጋር ሲወዳጅ ግን የኮሪያ ዘማችነት ማኩራቱ ቀርቶ የሚያሰጋ ሆነ፤ ሜዳሊያውን የደበቀ ብዙ ነው። በ1984 የቆመው የትግላችን ሐውልት ላይ የሰሜን ኮሪያ ቀራፂዎች እጅ አለበት።

የሕግ ሰው ነኝና ይህን ልጨምር፦ የ1953ቱ የፓንሙንጆም ስምምነት ተኩስ ማቆሚያ እንጂ የሰላም ውል አይደለም። ይህን ያልለየ ዘጋቢ በየዜናው ይሳሳታል።

መግቢያው ቋንቋው ነው። የኮሪያ መንግሥት ነፃ የትምህርት ዕድል መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋ ያስተምራል፤ ወደ ዲግሪው ለመሻገር 6 ደረጃ ካለው የቶፒክ ፈተና 3ኛውን ማለፍ ይጠይቃል።

የዘማቾቹን ማስታወሻ በአማርኛ፣ የሴኡልን ሰነድ በኮሪያኛ አንብቦ የሚጽፍ ሰው ከእኛ ካልወጣ ከየት ይመጣል? በሕይወት ያሉት ዘማቾች ዘጠና የተጠጉና ያለፉ ናቸው።