ወላጆቻቸውን የማይመስሉ ልጆች፦ የባሕር እጮች ጥናት ታሪክ

በባሕር ወለል ከሚኖሩት አከርካሪ አጥንት የሌላቸው እንስሳት አብዛኞቹ ሕይወትን የሚጀምሩት ወላጆቻቸውን በማይመስል መልክ ነው። ሸርጣን፣ የባሕር ጃርት፣ ኮከብ ዓሣና የባሕር ቀንድ አውጣ በመጀመሪያ በዓይን ለማየት የሚያዳግቱ ተንሳፋፊ እጮች ናቸው። እጩ ለቀናት፣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ውኃው ወደወሰደው ሲጓዝ ይቆይና ወደ ወለሉ ወርዶ ቅርጹን ይለውጣል። የባሕር እጮች ከአዋቂዎቹ ርቀው ስለሚኖሩና ብርሃን አሳላፊ ስለሆኑ ልጅና ወላጅን የሚያገናኝ ሰው ለረጅም ጊዜ አልተገኘም። የታዩትም ቢሆኑ ራሳቸውን የቻሉ እንስሳት ተደርገው ስም ወጣላቸው። እ.ኤ.አ. በ1802 ፈረንሳዊው ሉዊ ቦስክ ረጅም እሾህና ትልልቅ ዓይን ያለውን ደቃቅ ፍጡር “ዞኤያ” ብሎ እንደ አዲስ የእንስሳ ወገን መዘገበው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ስሕተት ያረመው ጆን ቮን ቶምፕሰን የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበር። ከ1816 ጀምሮ በአየርላንድ የኮርክ ከተማ ተመድቦ ሲሠራ፣ ከስስ ጨርቅ የተሰፋ መረብ በባሕር ላይ እየጎተተ የያዘውን በዕቃ ውስጥ በሕይወት ያቆይ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት በአብዛኛው የሚመረምሩት በአልኮል የተቀመጠ ሬሳ ስለነበር ለውጡን ሊያዩት አይችሉም ነበር፤ የቶምፕሰን ትልቁ ብልሃት መጠበቁ ነው። በ1823 ኮርክ ወደብ ላይ ዞኤያዎችን ይዞ መለወጥ መጀመራቸውን አየ፤ በኋላም ከሸርጣን እንቁላል የሚፈለፈለው ዞኤያ መሆኑን አረጋገጠ። በ1826 የጸደይ ወራት ደግሞ ሁለት ቅርፊት ያላቸው ዋናተኛ ፍጥረታትን በውኃ ዕቃ አኖረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቅርፊታቸውን ጥለው ከዕቃው ጋር ተጣብቀው አገኛቸው፤ ባርናክል ሆነዋል።

ባርናክል በዓለትና በመርከብ ሆድ ላይ ተጣብቆ የሚኖር፣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቅርፊት ያለው እንስሳ ነው። የዘመኑ ታላቅ የእንስሳት ሊቅ ጆርጅ ኩቪዬ ከነቀንድ አውጣ ወገን መድቦት ነበር። ቶምፕሰን በ1830 ባሳተመው ጽሑፍ ግን እጩ የሸርጣንና የሽሪምፕ ዘመድ መሆኑን እንደሚመሰክር አሳየ። አዋቂው የደበቀውን ዝምድና ልጁ ገለጠው። ቻርልስ ዳርዊን ከ1846 እስከ 1854 ለስምንት ዓመታት ባርናክልን ሲያጠና ይህን መንገድ ተከትሏል።

ቶምፕሰን ግን በሕይወቱ ሳለ የሚገባውን ክብር አላገኘም። ጀርመናዊው ሃይንሪክ ራትከ በ1829 የሸርጣን ዘመድ ስለሆነው የወንዝ ክሬይፊሽ ባሳተመው ጥናት፣ ግልገሉ ከእንቁላል የሚወጣው ወላጁን መስሎ መሆኑን አሳይቶ ነበር። ይህም የሸርጣን ዘመዶች መልክ አይለውጡም ለሚሉት ሁሉ ማስረጃ ሆነ። ራትከ ያየው እውነት ነበር፤ ቶምፕሰን ያየውም እንዲሁ። በቅርብ ከሚዛመዱ እንስሳት አንዱ እጭ ሲኖረው ሌላው ለምን ያጣዋል የሚለው ጥያቄ ያኔ በጠረጴዛው ላይ ነበር፤ አጥጋቢ መልስ ሳያገኝ ግን ረጅም ጊዜ አለፈ። ቶምፕሰን በ1835 ወደ አውስትራሊያ ተዛውሮ በ1847 በሲድኒ አረፈ።

በዚሁ ዘመን የእንስሳት ሊቁ ዮሐንስ ሙለር በሰሜን ባሕር በሄልጎላንድ ደሴት ላይ ሌላ እንቆቅልሽ አገኘ። በ1846 “ፕሉቴየስ ፓራዶክሰስ” ያለው ፍጡር ቀጫጭን ክንዶች ያሉት እጭ ሲሆን ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሆኖም ከውስጡ የሚያድገው አምስት ክንድ ያለው፣ ለኮከብ ዓሣ የሚቀርብ እንስሳ ነበር። አዋቂው በእጩ ሆድ ውስጥ እንደ እንግዳ ፍጡር ተሠርቶ፣ በመጨረሻ የእጩን አካል ይጥለዋል ወይም ይመጠዋል።

የዳርዊን የዝግመተ ለውጥ መጽሐፍ በ1859 ከወጣ በኋላ እጮች የዝምድና ማስረጃ ሆነው በየባሕሩ ዳርቻ ይፈለጉ ጀመር። ሩሲያዊው አሌክሳንደር ኮቫሌቭስኪ በ1866 የአሲዲያን እጭ መረመረ። አሲዲያን ሲያድግ በዓለት ላይ የሚጣበቅ ከረጢት መሰል እንስሳ ነው፤ እጩ ግን ጅራትና በጅራቱ ውስጥ ኖቶኮርድ የሚባል ደጋፊ ዘንግ አለው። ይህ ዘንግ በሰው ፅንስም ይገኛል። አንቶን ዶርን በ1870ዎቹ በኔፕልስ ያቋቋመው የጥናት ጣቢያ ከየሀገሩ ለሚመጡ ተመራማሪዎች የሥራ ጠረጴዛ እያከራየ ይህን ሥራ አስፋፋ።

የዘመኑን አስተሳሰብ የገዛው ግን የእንስሳት ሊቁ ኤርንስት ሄከል ነበር። እንደ እርሱ ትምህርት እንስሳ ሲያድግ የአያቶቹን ታሪክ ባጭሩ ይደግማል፤ ስለዚህ እጭ የጥንታዊ አያት ምስል ነው። ሐሳቡ ብዙዎችን ለሥራ ቢያነሳሳም፣ እጩ ዛሬ የሚበላ፣ የሚሸሽና የሚሞት ሕያው ፍጡር መሆኑን አስረስቷል።

ለዚህ መልስ የሰጠው እንግሊዛዊው ዋልተር ጋርስታንግ ነው። በ1922 ባሳተመው ጽሑፍ እድገት ታሪክን አይደግምም፣ ታሪክን የሚፈጥረው ራሱ እድገት ነው የሚል ክርክር አቀረበ። የቀንድ አውጣ እጭ አካሉ ተጠምዝዞ ፊንጢጣው ወደ ጭንቅላቱ አቅጣጫ የሚዞረው፣ በአደጋ ጊዜ ጭንቅላቱን ቀድሞ ወደ ቅርፊቱ ለማስገባት እንዲችል ነው ብሎም ገመተ። በ1985 የታተመ ሙከራ በመጠምዘዝ የተጠቀመ እጭ አላገኘም። ግምቱ ባይጸናም ጥያቄው ጸንቷል፦ ቅርጹ ለእጩ ለራሱ ምን ይጠቅመዋል?

ዴንማርካዊው ጉናር ቶርሰን በ1950 ይህንኑ ጥያቄ ወደ አካባቢ ጥናት ወሰደው። ብዙ ትንንሽ እንቁላል የምትጥል እናት ልጆቿን ለአዳኝና ለረሃብ ታጋልጣለች፤ ጥቂት ትልልቅ እንቁላል የምትጥል ደግሞ ስንቃቸውን ታሲዝላቸዋለች። በ1978 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስትራትማን የሚመገብ እጭን ማጣት ቀላል፣ መልሶ ማግኘት ግን እጅግ ከባድ መሆኑን አስረዳ፤ ለመመገብ የሚያገለግሉት ውስብስብ ክፍሎች አንዴ ከጠፉ በቀላሉ እንደገና አይፈጠሩም።

የራትከና የቶምፕሰን አለመግባባት ትርጉም ያገኘው በአውስትራሊያ የባሕር ጃርቶች ነው። ሄሊዮሲዳሪስ ቱበርኩላታ ከትንሽ እንቁላል ወጥቶ ለሳምንታት እየተመገበ የሚያድግ፣ ፕሉቴየስ የተባለ ክንዳም እጭ አለው። የቅርብ ዘመዱ ሄሊዮሲዳሪስ ኤሪትሮግራማ በአንጻሩ እጅግ ትልቅ እንቁላል ይጥላል፤ እጩ ሳይበላ በጥቂት ቀናት ጃርት ይሆናል። ሁለቱ ከተለያዩ ያለፉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ብቻ ናቸው። ሩዶልፍ ራፍና ባልደረቦቹ የኋለኛውን እንቁላል በፊተኛው የወንዴ ዘር አዳቅለው ውጤቱን በ1999 አሳተሙ፤ ድቅሎቹ ጠፍተው የነበሩትን የመመገቢያ ክፍሎች መልሰው ያበቀሉ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ የሁለቱንም ወላጆች እጭ ሳይሆን የሌሎች የኮከብ ዓሣ ዘመዶችን እጭ ይመስሉ ነበር።