«ምጥጥነ ገጽታ» ለጎማ አይሆንም

በመኪና ጎማ ጎን ላይ 195/65 R15 የሚል ጽሑፍ እናገኛለን። 195 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች መሆኑን ጎማ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል። መሐል ላይ የተቀመጠው 65 ግን በአማርኛ የረባ ስም ሳይወጣለት ቆይቷል። እንግሊዝኛው «አስፔክት ሬሾ» ይለዋል፤ አሁን አሁን ይህ ስም «ምጥጥነ ገጽታ» እየተባለ ሲመለስ ይታያል። ሐረጉን ያለማመዱን የስልክና የኮምፒውተር የአማርኛ ቅንብሮች ናቸው፤ እዚያ የገባውም ለስክሪን ነበር። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በሄደበት ሁሉ አንድ የአማርኛ ቃል ይከተለው የሚለው ልማድ ግን ስክሪንና ጎማን አይለይም። ዝም ከተባለ ሐረጉ በመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ መጻሕፍትና በጎማ ሻጮች ማስታወቂያ ላይ ሥር ይሰዳል፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ደግሞ መንቀሉ ከባድ ነው።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው በሁለተኛው ቃል ላይ ነው። «ገጽታ» ከ«ገጽ» የወጣ ነው። ገጽ ፊት ነው፤ ገጽታ ደግሞ ለዓይን የሚታይ መልክ። ጎማ ፊት አለው ከተባለ፣ ፊቱ ወይ መንገዱን የሚረግጠው ጥርሱ ነው፣ ወይ ከውጭ የሚታየን ክብ መልኩ። 65 ስለ ሁለቱም አንዳች አይናገርም። የሚናገረው ከቸርኬው ጠርዝ እስከ ጥርሱ ስላለው የጎን ቁመት ነው። ስለዚህ «የዚህ ጎማ ምጥጥነ ገጽታ 65 ነው» ሲባል የሰማ አሽከርካሪ፣ ጥርሱ ምን ያህል እንደቀረው የተነገረው ሊመስለው ይችላል። የመጀመሪያው ቃል፣ «ምጥጥን»፣ ይሻላል። መጠንን፣ ምጣኔንና ተመጣጣኝን ካስገኘው ጤናማ ሥር የመጣ ነው። ሆኖም ሰሚው ዘንድ የሚቀሰቅሰው የተስማማ፣ ሚዛኑን የጠበቀ ነገርን እንጂ ቁጥርን አይደለም። የግእዙ አያያዝ ለሐረጉ ክብር እንደሚሰጠው አልክድም፤ «ሕገ መንግሥት» እና «ሥነ ጽሑፍ» በዚሁ መንገድ ተዋቅረው የቋንቋው ጌጥ ሆነዋል። በአያያዙ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ክብር ያለው ድምፅ ግን የጎደለ ትርጉም አይሞላም።

ስሙ የቱን ትርጉም መሸከም እንዳለበት ለመወሰን ቁጥሩን ራሱን መመልከት ይበቃል። 65 ሚሊሜትርም ኢንችም አይደለም። የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት መቶኛ እንደሆነ ይነግረናል። 195 ስፋት ያለው ጎማ 65 ሲሆን የጎኑ ቁመት 126.75 ሚሊሜትር ነው፤ 205 ስፋት ያለው ጎማ ያው 65 ተጽፎበት ጎኑ 133.25 ይደርሳል። ቁጥሩ አንድ፣ ቁመቱ ሁለት። በአንጻሩ 165/70 R14 እና 175/65 R14 በጽሑፍ ሲታዩ የተራራቁ ይመስላሉ፤ ሲሰላ ግን በጠቅላላ ዲያሜትር የሚበላለጡት በ3.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 65ን እንደ ጫማ ቁጥር የሚያየው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ195/65 R15 ፈንታ 195/60 R15 ቢያስገባ፣ የጎማው ዲያሜትር ከ634.5 ወደ 615 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ልዩነቱ 3 በመቶ ያህል ነው። ቀድሞ በትክክል ይለካ የነበረ የፍጥነት መቁጠሪያ 100 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው በ97 ገደማ ይሆናል። ከፍ ያለ ጎማ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፤ አሽከርካሪው ከሚያየው ቁጥር በላይ ይፈጥናል። የቀኙና የግራው ጎማ ከተበላለጡ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ዕረፍት የለውም።

ተፎካካሪዎቹን ስሞች በዚህ መመዘን ይቻላል። «የቁመትና የስፋት ጥምርታ» የሚለው እውነት ነው፤ ጥምርታ ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን መቀመጣቸውን ያሳያል። ነገር ግን ረጅም ነው፤ የማን ቁመት እንደሆነም አይናገርም፤ ጎማ ራሱ ከመሬት ተነሥቶ ቁመት አለውና። «የጎን ምጣኔ» ለጆሮ የሚጥም ነው፤ የተሻለ ባይገኝ እሱን እቀበል ነበር። ችግሩ ምጣኔ በአማርኛ ብዙ ሥራ ይዟል፤ ምጣኔ ሀብትና የቤተሰብ ምጣኔ እንላለን። ቁጥሩ ከመቶ የሚሰላ መሆኑንም አያመለክትም። እኔ የምመርጠው «የጎን መቶኛ» የሚለውን ነው። «ጎን» የቱ የጎማው ክፍል እንደሆነ ያሳያል፤ ጎማ ጠጋኙም «ጎኑ አብጧል»፣ «ጎኑ ተቀዷል» ሲል የሚጠቀምበት ቃል ነው። ጽሑፉ ራሱ የሚነበበውም በዚያው ጎን ላይ ነው። «መቶኛ» ደግሞ ቁጥሩ መለኪያ አልባ እንደሆነ ወዲያው ይናገራል፤ ይህን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚጠይቀው «የምን መቶኛ?» ብሎ ነው፤ ትክክለኛው ጥያቄም ይኸው ነው።

መቃወሚያ አይጠፋም። ስሙ የምን መቶኛ እንደሆነ አይገልጽም ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ስም ሙሉ ፍቺ እንዲሆን አይጠበቅም። «አየር መንገድ» ስንል የአውሮፕላን ድርጅት መሆኑን ሁለቱ ቃላት አልነገሩንም፤ አቅጣጫውን አሳዩን፣ ቀሪውን ልማድ ሞላው። መቶኛ የተራ ቁጥርም ነው፣ «መቶኛ ዓመት» እንላለን የሚልም ይኖራል። ተማሪ ውጤቱን፣ ነጋዴ ትርፉን በመቶኛ ሲያሰላ ግን ማንም ግራ አይጋባም። ጠንከር ያለው መቃወሚያ ስክሪኑ ነው፤ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት የአማርኛ ስም ለምን? ምክንያቱም ነገሮቹ ሁለት ናቸው። የስክሪኑ 16:9 ተብሎ በጥንድ ቁጥር ይጻፋል፤ የጎማው አንድ ቁጥር ሆኖ ከመቶ ይሰላል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራቱ የራሱ ታሪክ ነው፤ አማርኛ ያንን ታሪክ የመውረስ ግዴታ የለበትም።

እንግሊዝኛውን እንዳለ እንውሰድ፣ ጎማና ቸርኬስ ከጣሊያንኛ የመጡ አይደሉም ወይ የሚሉም አሉ። መጥተዋል፤ ዛሬ የእኛ ናቸው፤ ማንም ሊያባርራቸው አይገባም። ጎማና ቸርኬ ግን በእጅ የሚዳሰሱ ነገሮች ናቸው። ቃሉን የማያውቅ ሰው ዕቃውን አይቶ ይማረዋል። መቶኛ አይዳሰስም፤ በሁለት ልኮች መካከል ያለ ግንኙነት ነው፤ በጣት ጠቁሞ ማሳየት አይቻልም። ስለዚህ ስሙ ራሱ ማስረዳት አለበት። «አስፔክት ሬሾ» እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሹፌር ምንም አያስረዳም፤ «ሎው ፕሮፋይል»ም ጎነ አጭሩን ጎማ ብቻ ይጠራል እንጂ ለቁጥሩ ስም አይሆንም። አማርኛ ለእንዲህ ያለ ነገር አቅም ያንሰዋል የሚለው አስተሳሰብ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። የሚያስፈልጉት ሁለት ቃላት ከመጀመሪያውም በሰው አፍ ላይ ነበሩ፤ አንዱ በጎማ ጠጋኙ፣ ሌላው በተማሪው።

የማሠልጠኛ መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ የመኪና መመሪያ የምትተረጉሙ፣ ጎማ የምትሸጡ ሁሉ፣ ከ65 አጠገብ «የጎን መቶኛ» ብላችሁ ጻፉ። መጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ ላይም «የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ሲሰላ» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩበት።