የካርል ቬርነር ሥራና የጀርማናዊ ልሳናት የድምፅ ሕግ

ዴንማርካዊው ራስሙስ ራስክ በ1818፥ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪምም በ1822 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የጀርማናዊ ልሳናት ተነባቢዎች ከላቲን፥ ከጽርእና ከሳንስክሪት በሥርዓት እንደሚለዩ አስረዱ። የላቲኑ «ፓቴር» በጎታዊ ልሳን «ፋዳር» ሲሆን «ፕ» ወደ «ፍ» ተለውጧል፤ ይህም በሌሎች ቃላት ይደገማል። ያስቸገረው በቃሉ መካከል ያለው «ት» ነበረ። «ወንድም» ማለት በሆነው ቃል የጥንቱ «ት» ምላስ በጥርስ መካከል ሆኖ ወደሚነገር ትንፋሻም ድምፅ ሲዞር፥ «አባት» በሚለው ግን «ድ» ሆነ። ብዙዎች ይህን ከሕግ የወጣ ነው ብለው አለፉት።

ካርል ቬርነር በ1846 ዓ.ም. በኦርሁስ ተወለደ፤ በኮፐንሃገን ተምሮ ሩስያን ጎበኘ። ሩስኛ የቃሉ አጽንዖት ከስፍራ ስፍራ የሚዘዋወርበት ልሳን ነውና ጆሮውን ያሠለጠነለት ይህ ይመስላል። በ1875 ዓ.ም. አንድ ቀን እንቅልፍ እንዲያመጣለት የፍራንዝ ቦፕን የንጽጽር ሰዋስው ይዞ ጋደም እንዳለ «ፒታር» እና «ብራታር» የሚሉት የሳንስክሪት ቃላት ዓይኑን ሳቡት። በ«ፒታር» አጽንዖቱ ከአስቸጋሪው ተነባቢ በኋላ ነው፤ በ«ብራታር» ግን በፊቱ ነው። ቬርነር የሁለቱ መለያየት ምክንያት ይህ መሆኑን ተረዳ፤ አጽንዖት በቀደመው ክፍል ላይ ካልወደቀ ትንፋሻሙ ድምፅ ይለዝባል። ተነሽና ወዳቂ ንባብ ለይቶ ያደገ የግእዝ ተማሪ ነገሩ አያስቸግረውም። ኋላ ግን ጀርማናዊ ልሳናት አጽንዖቱን ሁሉ ወደ ቃሉ መጀመሪያ ስላዛወሩ ምክንያቱ ጠፍቶ ውጤቱ ብቻ ቀረ። የእንግሊዝኛው «ዎዝ» በብዙ ቁጥር «ዌር» መሆኑ የዚሁ ቅሬታ ነው።

ጽሑፉ በቪልሄልም ቶምሰን ማበረታታት በ1877 ዓ.ም. በኩን መጽሔት 34 ገጽ ሆኖ ታተመ። ኦስትሆፍና ብሩግማን በ1878 ዓ.ም. የድምፅ ሕግ ከሕግ የወጣ አያውቅም ብለው ሲነሡ ከዚህ የበረታ ምስክር አልነበራቸውም።

ቬርነር ከ1876 እስከ 1882 ዓ.ም. በሃለ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አገለገለ፤ ከዚያ በኮፐንሃገን ያስተማረው የስላቭ ልሳናትን ነበረ። ጥቂት ስለ ጻፈ የሚነቅፉት አሉ፤ ነቀፋው ግን ሚዛን የጎደለው ነው። ኋላ በፎኖግራፍ የተቀረጸውን የድምፅ መስመር የሚለካ መሣሪያ እየሠራ ብዙ ደከመ። በ1896 ዓ.ም. ሲሞት ድርሳናቱና ደብዳቤዎቹ ገና አልተሰበሰቡም ነበር፤ ባንድነት የታተሙት በ1903 ዓ.ም. ነው።