ሳይታመሙ ማስተላለፍ፦ የማጅራት ገትር ባክቴሪያ እና የሐጅ ተጓዦች

ማጅራት ገትር ስሙን ያገኘው ከምልክቱ ነው፤ የታመመው ሰው ማጅራቱ ይገተራል፣ አገጩን ወደ ደረቱ ማስጠጋት ያቅተዋል። በሽታውን ከሚያመጡ ጀርሞች መካከል በወረርሽኝነት የሚታወቀው ሜኒንጎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ ግን በብዛት የሚገኘው በበሽተኛ ላይ ሳይሆን በጤነኛ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ነው።

አስተማሪ ሳለሁ ተማሪዎቼ ይህን ለመቀበል ይቸገሩ ነበር። «ራሱ ሳይታመም እንዴት በሽታ ያስተላልፋል?» ይሉኝ ነበር። ሜኒንጎኮከስ ከሰው ልጅ ውጭ መኖሪያ የለውም። ከአፍንጫ ጀርባና ከጉሮሮ ላይኛው ክፍል ተለጥፎ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ቁጥሩ ከቦታ ቦታና በዕድሜ ቢለያይም በአማካይ ከ10 ሰው አንዱ ያህል ተሸካሚ እንደሆነ ይገመታል። ተሸካሚው አያተኩሰውም፣ አያመውም። በሳል፣ በማስነጠስ፣ በምራቅና ተጠጋግቶ በማደር ግን ለሌላው ያስተላልፋል። ከተቀበሉት መካከል በጥቂቶቹ ላይ ባክቴሪያው ወደ ደም ዘልቆ ይገባል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በያዛቸው ከ2 እስከ 10 ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚያሰጋው ለወራት ተሸክሞት የኖረው ሰው ሳይሆን በቅርቡ ከእሱ የተቀበለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ወቅት «ኤ» የተባለው ዓይነት ወረርሽኝ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ሳዑዲ ዓረቢያ ክትባት ግዴታ አደረገች። በ2000 ደግሞ ሌላ ዓይነት መጣ፤ «ደብልዩ»። ብዙዎቹ ሑጃጆች የወሰዱት ክትባት «ኤ»ን እና «ሲ»ን ብቻ የሚከላከል ነበር። በሽታው ከሑጃጆቹ አልፎ ወደየሀገራቸው ሲመለሱ ቤተሰቦቻቸውን ያዘ። በ2001 ከሲንጋፖር የሄዱ 171 ሑጃጆች ጉሮሮ ሲመረመር፣ አራቱንም ዓይነት የሚከላከል ክትባት ወስደው እንኳ፣ ሲመለሱ 17 በመቶዎቹ ባክቴሪያውን ይዘው ተገኙ። የያኔው ክትባት የተከተበውን ሰው ከሕመም ይጠብቃል እንጂ ጉሮሮውን አያጸዳም ነበር። አሁን «ኮንጁጌት» የሚባለው ክትባት ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ የቀድሞው ለ3 ዓመት ነበር። ሁለቱም ሳዑዲ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለባቸው።

እኛን ደግሞ ጉዳዩ በተለየ ይመለከተናል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የአፍሪካ «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ሀገራችንን ያካትታል፤ ወረርሽኙ የሚበረታውም ደረቅና አቧራማ በሆነው የበጋ ወራት ነው። ከቀበቶው ሀገራት የሚመጡ ሑጃጆች ሳዑዲ ሲገቡ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል እንክብል ይሰጣቸው የነበረውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ ይሰጥ የነበረው ታመዋል ተብሎ ሳይሆን ጉሮሯቸውን ከባክቴሪያው ለማጽዳት ነው።

በ2024 የጸደይ ወራት ከዑምራ ጋር በተያያዘ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይና በብሪታኒያ 12 ሰዎች ታመሙ። 10ሩ ሳዑዲ ደርሰው የተመለሱ ነበሩ፤ 2ቱ ግን እግራቸው ከቤት ሳይወጣ፣ ከተጓዥ ጋር አንድ ቤት በመኖራቸው ብቻ የታመሙ ናቸው። ከ12ቱ 9ኙ አልተከተቡም ነበር፤ የቀሩት 3ቱ መከተባቸው አልታወቀም። መርፌውን ሳይወጉ የክትባት ካርዱን ብቻ ማስመታት ብልጠት የሚመስላቸው ወንድሞችና እህቶች አሉ። በእኔ እይታ ይህ በራስ ጤና ላይ ብቻ የሚደረግ ቁማር አይደለም፤ እቤት የቀረችውን እናት ወይም ያልተጠየቀውን ሕፃን ጭምር ማስያዝ ነው።

ሑጃጅ በተመለሰ በቀጣዮቹ ሳምንታት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ድንገተኛ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የማጅራት መገተር፣ ማስታወክ ወይም ሲጫኑት የማይጠፋ ቀይ ሽፍታ ቢታይበት እስኪነጋ አይጠበቅም። በሕፃናት ላይ ማጅራቱ ላይገተር ይችላል፤ ማልቀስና መጥባት እምቢ ማለት ብቻ ሊታይ ይችላል። ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ በመጀመሪያ የምትናገሩት ከሐጅ ወይም ከዑምራ የተመለሰ ሰው ቤታችሁ እንዳለ ነው። ሐኪሙ ከበሽተኛው ጋር አብረው ለሚኖሩትም መከላከያ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።