ያገለገለ ሁለገብ የእንጨት ማሽን፦ ከመግዛት በፊት ታሪኩን

ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከሞምባሳ ያገለገለ የእንጨት ማሽን ሲገባ ጀማሪ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ ቀጥሎ ዋጋውን ይጠይቃል። እኛ በንግዱ የቆየን ግን የት አገርና በየትኛው ዘመን እንደተሠራ እናስቀድማለን። የእቁብ ብር የሚድነው፣ ጣትም የሚተርፈው በዚህ ጥያቄ ነውና።

እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1793 ለእንጨት ሥራ ማሽኖች ፓተንት አወጣ። በቀጣዩ ክፍለ ዘመን በፋብሪካዎች ውስጥ በእንፋሎት ወይም በውኃ ኃይል የሚዞር ረጅም ዘንግ ለየማሽኑ ኃይሉን በቺንጊያ ያከፋፍል ነበር። ይህ ግን ሰፊ ቦታና ብዙ ገንዘብ ላለው ነው። ለትንሽ ወርክሾፕ የተገኘው መላ መጋዙን፣ መላጊያውንና መብሻውን ባንድ አካል ላይ መሰብሰብ ሆነ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ቀለለ። በአሜሪካ ሃንስ ጎልድሽሚት የፈጠረው ሾፕስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ቀረበ። የጣሊያኑ ኤስ ሲ ኤም እ.ኤ.አ. በ1952 በሪሚኒ ከተማ «ሊንቪንቺቢሌ»፣ ማለትም «የማይበገረው» የተባለውን ሁለገብ ማሽን ሠራ። የኦስትሪያው ፌልደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ተመሠረተ። የጣሊያን እጅ በእኛም አናጺ አፍ ላይ አለ፤ ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፔርሳቶ፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ ከዚያ የመጡ ቃላት ናቸው።

ከዚህ ታሪክ ለገዢ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች እናገኛለን።

አንደኛ፣ ሁለገብ ማሽን የተሠራው ብቻውን ለሚሠራ ባለሙያ ነው። አንዱ ሲልግ ሌላው በዚያው ማሽን ሊሰነጥቅ አይችልም፤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ለመቀየርም ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ሦስት ሠራተኛ ያለው ሰው መጋዙንና መላጊያውን ለየብቻ ቢገዛ ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ በጥንቶቹ መላጊያዎች ላይ ምላጩን የሚሸከመው ዘንግ አራት ማዕዘን ነበር። በመካከሉ ክፍተት ስላለ የሾለከ እጅ ጎትቶ ያስገባል፣ የስንቱንም ጣት በልቷል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክቡ ዘንግ እየተተካው መጣ። ስለዚህ መከለያውን አስከፍታችሁ እዩ፤ አራት ማዕዘን ከሆነ በነጻ ቢሰጧችሁም ይቅርባችሁ።

ሦስተኛው የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ኬንያ የሚጠቀሙት 50 ኸርዝ ነው፤ ኤምሬትስም እንዲሁ። ሳዑዲ ዓረቢያና አሜሪካ ግን 60 ኸርዝ ናቸው። ለ60 የተሠራ ሞተር በእኛ መስመር ላይ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ ካልተስተካከለለትም ይግላል፣ ውሎ አድሮም ይቃጠላል። ስሪ ፌዝ ከሆነ ደግሞ ቤታችሁ ያለው ሲንግል ፌዝ መስመር አያስነሣውም። ቆጣሪ ማስቀየር የራሱ ወጪና ወረፋ ስላለው ከማሽኑ ዋጋ ጋር ደምሩት።

ይህን ሁሉ የሚናገረው ሞተሩ ላይ የተለጠፈው ትንሽ የብረት ሰሌዳ ነው። ቮልቱ፣ ኸርዙና ፌዙ እዚያ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ዓመትም አለ። ሰሌዳው ከተፋቀ ወይም ቀለም ከተቀባበት ሻጩ ምንም ቢምል ኤሌክትሪሺያን ሳያየው ቀብድ አትክፈሉ። ድንበር ከተሻገረ በኋላ መመለሻ የለውም።