ሥዕልና መግለጫው፦ ከብራና እስከ ኮምፒዩተር መስኮት

ሥዕል ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ እንደ መጽሐፍ ሆኖ ማገልገሉ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የጥንት ኢትዮጵያውያን ጸሐፍትና ሠዓልያን ሥዕሉን ያለ ቃል ብቻውን ትተውት አልሄዱም። ከቅዱሳኑ ራስ በላይ፣ በሥዕሎቹ መካከልና በብራናው ኅዳግ ላይ አጫጭር የግዕዝ መግለጫዎችን ይጽፉ ነበር።

የእነዚህ መግለጫዎች አጀማመር አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። «ሥዕለ» ብሎ የሚጀምረው ባለ ሥዕሉን በስሙ ይጠራል፤ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምረው ደግሞ ድርጊቱ እንዴት እንደተፈጸመ ያስረዳል። በመሆኑም አንደኛው ማንነትን፣ ሁለተኛው ታሪክን ይጠብቃል።

በ1273 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1280/81) ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተሰጠው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የገዳሙ አባት ራሳቸው ተሥለው ይገኛሉ። በዘመኑ ሥርዐተ አሣሣል የመነኮሳትና የጻድቃን ፊት እጅግ ይመሳሰል ስለነበር፣ አንዱን አባት ከሌላው የሚለየው ከመልኩ ይልቅ ስሙ ነበር።

የፈረሰኞቹ ቅዱሳን ሥዕልም ይህንኑ ያስረዳል። ጊዮርጊስ፣ መርቆሬዎስና ቴዎድሮስ ሁሉም ጦር ይዘው በፈረስ ላይ ይታያሉ። እንደ ልማዱ የመጀመሪያው ፈረስ ነጭ፣ የሁለተኛው ጥቁር፣ የሦስተኛው ቀይ ነው። የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም መነሣት ሲጀምሩ ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር ቀዩን ፈረስ ከጥቁሩ መለየት አስቸጋሪ ሆነ። በዚህን ጊዜ ቀለም ያልቻለውን ያዳነ፣ በሥዕሉ አጠገብ የተጻፈው አንድ መስመር ቃል ነው።

መግለጫው ከሥዕሉ የተለየ እንደሆነ ጉዳቱ የከፋ ነው። በ1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1868) ከመቅደላ የተወሰዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ ሙሉ ጥራዝ እንደሆኑ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ከጥራዛቸው ተቆርጠው በነጠላ ቅጠል የተሸጡ ሥዕሎች ዕጣ ግን ሌላ ነው። ኅዳጉ አብሮ የተቆረጠ ሥዕል የየትኛው ገዳም እንደነበረ፣ ማን እንዳሣለው፣ አንዳንዴም ማንን እንደሚያሳይ ለማወቅ አዳጋች ይሆናል። ባለቤቱ ሲለወጥ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ አዲስ ስም የተተካባቸው መጻሕፍትም አያሌ ናቸው። ስሙን የፋቀ ሰው ታሪኩንም አብሮ ፍቋል።

በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተደራጀው «መዝገበ ሥዕላት» የተባለው የኮምፒዩተር ስብስብ የኢትዮጵያን ሥዕሎች ከነመግለጫቸው ማኖሩ ከዚህ የተነሣ ታላቅ አገልግሎት ነው። ዛሬ አንድ ተመራማሪ በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ የማስታወሻ መዝገብ ሲያዘጋጅ፣ ቃሉን በነካ ጊዜ ሥዕሉ በትንሽ መስኮት ብቅ እንዲል ማድረግ ይችላል። መስኮቱ ግን ሥዕሉን ከገጹ ነጥሎ ስለሚያሳይ፣ መግለጫ ካልታከለበት ኅዳጉ ከተቆረጠ ብራና አይሻልም።

ስለዚህ ሥዕሉ ምን እንደሆነ፣ ከየትኛው መጽሐፍና ከየትኛው ቅጠል እንደተወሰደ፣ መጽሐፉ የሚገኝበትን ስፍራና ሥዕሉ የተነሣበትን ዘመን ከሥዕሉ ሳይለዩ መጻፍ ይገባል። ግዕዙ መግለጫ ካለም እንዳለ ይገልበጥ፤ ትርጓሜው ከሥሩ ይከተል። ጥንታውያኑ ጸሐፍት በቀለምና በመቃ የፈጸሙትን ይህን ሥራ ማስቀጠል የዛሬው መዝገብ ያዥ ግዴታ ነው።